«የሐበሻ ነው» ስለተባለ ብቻ አትመኑ፦ ዶሮ፣ ባክቴሪያና አንቲባዮቲክ ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር

እንቁላል ልትገዙ ስትሄዱ መጀመሪያ የምትጠይቁት ምንድን ነው? «የሐበሻ ነው የፈረንጅ?» አይደል? መልሱ «የሐበሻ» ከሆነ ዋጋው ጨመር ይላል፣ እኛም ብዙ ሳንከራከር እንከፍላለን። ጭንቅላታችን ውስጥ አንድ ሥዕል አለ፦ የሐበሻ ዶሮ ውጭ ትውላለች፣ ጭራ ትበላለች፣ መድኃኒት አታውቅም፣ ስለዚህ ንጹሕ ናት። የፈረንጇ ደግሞ ታጉራ በመኖና በመድኃኒት ያደገች ናት፣ ስለዚህ አትታመንም።

ከዚህ ውስጥ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ሰው ሊያሳምም የሚችል ስህተት ነው። ዛሬ ይሄን ጉዳይ ሰሜን ሸዋ ላይ አስቀምጠን እናየዋለን። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ደብረ ብርሃን ወጣቶች እንቁላል ጣይ ዶሮ በቆርቆሮ ቤት ያረባሉ። ከዚያ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ አንኮበር አለ፤ እዚያ ደግሞ ዶሮ ከደጅ ከማሳው ጭራ ነው የምትኖረው። ሁለቱ የአረባብ ዓይነቶች በአንድ መንገድ ይገናኛሉ፣ ምርታቸውም አንድ ገበያ ላይ ይወጣል።

የምንላችሁ ነገር በአጭሩ ይሄ ነው፦ ዋናው ጥያቄ የዶሮዋ ዘር ወይም የዋለችበት ቦታ ሳይሆን ምን መድኃኒት፣ መቼ፣ በማን ትእዛዝ ወሰደች የሚለው ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

🔹 መጀመሪያ ሁለት ጥያቄዎችን እንለይ

ሰው ሲያወራ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይቀላቅላል።

አንደኛው፦ ዶሮዋ ላይ ወይም እንቁላሉ ላይ ሰው የሚያሳምም ባክቴሪያ አለ ወይ?

ሁለተኛው፦ ያ ባክቴሪያ ሰው ከያዘ በኋላ በመድኃኒት ይድናል ወይ?

ስለ መጀመሪያው ስናወራ ሳልሞኔላ፣ ካምፒሎባክተር፣ ኢ ኮላይ የሚባሉትን ማለታችን ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች የዶሮ አንጀት ውስጥ ይኖራሉ፤ ብዙ ጊዜ ዶሮዋ ምንም የሕመም ምልክት አታሳይም። ወደ ሰው የሚመጡት በኩሷ፣ ስትገነጠል ከአንጀቷ ወደ ሥጋው በሚነካካው፣ በቆሸሸ የእንቁላል ቅርፊት እና ባልታጠበ እጅ ነው። ሰው ላይ ተቅማጥ፣ ቁርጠት፣ ትኩሳት ያመጣሉ። ጤነኛ ወጣት በጥቂት ቀናት ሊያገግም ይችላል፤ ለሕፃን፣ ለአረጋዊና የመከላከል አቅሙ ለደከመ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ባክቴሪያው ወደ ደም ከገባ አንቲባዮቲክ የግድ ይሆናል።

ሁለተኛው ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። አንቲባዮቲክ በተሰጠ ቁጥር ደካማዎቹ ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፣ መቋቋም የቻሉት ይተርፋሉ፣ የተረፉት ይባዛሉ። መድኃኒት የሚላመደው ሰውየው ወይም ዶሮዋ ሳትሆን ባክቴሪያው ነው። ይባስ ብሎ ባክቴሪያዎች የመቋቋሚያ ዘዴያቸውን እርስ በርስ ይሰጣጣሉ፤ እኛ በስልክ ፋይል እንደምንላላከው ማለት ነው። ዶሮ አንጀት ውስጥ መድኃኒት የተላመደ ምንም የማይጎዳ ባክቴሪያ፣ ያንን ችሎታ ለሚጎዳው ሊያስተላልፍ ይችላል።

🔹 ውጭ መዋል ከባክቴሪያ አያድንም

አሁን ወደ ሥዕሉ እንመለስ። ውጭ የምትውል ዶሮ ከባክቴሪያ ነፃ ናት?

አይደለችም። እንዲያውም አንዳንዴ ተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የዴንማርክ ጥናት የሥጋ ዶሮ መንጋዎችን አወዳድሮ ነበር። በተለመደው መንገድ ቤት ተዘግቶባቸው ከሚያድጉት መንጋዎች ካምፒሎባክተር የተገኘባቸው 37 በመቶ ያህሉ ናቸው። ውጭ እየወጡ በኦርጋኒክ መንገድ ካደጉትስ? መቶ በመቶ፣ ሁሉም መንጋ ላይ ተገኝቷል። ምክንያቱ የሚገርም አይደለም፦ ውጭ የምትውል ዶሮ የወፍ ኩስ ትረግጣለች፣ የኩሬ ውኃ ትጠጣለች፣ ትል ትለቅማለች፣ ዝንብ ታሳድዳለች። ባክቴሪያውም የሚኖረው እዚያው ነው።

«እሱ ዴንማርክ ነው» ካላችሁ ወደ አገር ቤት እንምጣ። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ሐረማያ አካባቢ ገጠር ውስጥ አንድ ዓመት ገደማ የሆናቸው 100 ሕፃናት ሰገራ ሲመረመር ግማሾቹ ላይ ካምፒሎባክተር ተገኝቷል። እዚያ ዶሮና ከብት ከሰው ጋር በአንድ ግቢ ነው የሚኖሩት፤ ሕፃኑ የሚድህበት መሬት ዶሮዋ ኩሷን የጣለችበት መሬት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት የገጠር ኢትዮጵያን መረጃ ተንትኖ ሁለት ነገር አሳይቷል። ዶሮ ያለው ቤት ልጆች በቁመት የተሻለ ያድጋሉ። ዶሮዎቹ ሌሊት ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ የሚያድሩ ከሆነ ግን ከልጆች ዕድገት ጋር ያለው ግንኙነት ወደ አሉታዊ ይዞራል። ይሄ አንኮበርን በደንብ የሚመለከት ነው። ብርዱ አለ፣ ሸለምጥማጡ አለ፣ ሌባው አለ፤ ስለዚህ ዶሮዋ ቤት ውስጥ ቆጥ ላይ ታድራለች። ማንም እናት ልጇን ልትጎዳ ብላ አይደለም የምታደርገው፤ ሌላ ማሳደሪያ ስለሌላት ነው።

በመጀመሪያው ጥያቄ «የሐበሻ ናት» የሚለው ዋስትና አይሰጥም። የሐበሻዋን እንቁላል ጥሬውን መጠጣትም ያው የፈረንጁን ጥሬውን እንደመጠጣት አደጋ አለው። ጂም የምትሠሩ ወጣቶች ይሄን ያዙልን።

🔹 በሁለተኛው ጥያቄ ግን ልዩነት አለ

አሁን ለሐበሻዋ የሚያደላውን እንናገር። መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያን በተመለከተ አንቲባዮቲክ የማይሰጣቸው ዶሮዎች በእርግጥ የተሻሉ ናቸው።

አሜሪካ ሜሪላንድ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት 10 መደበኛ እርባታዎችን በቅርቡ አንቲባዮቲክ ትተው ወደ ኦርጋኒክ ከተቀየሩ 10 እርባታዎች ጋር አነጻጽሯል። ኢንተሮኮከስ ፌካሊስ የሚባለው ባክቴሪያ በመደበኛዎቹ ዘንድ ከተገኙት ናሙናዎቹ 42 በመቶው ብዙ ዓይነት መድኃኒት የተላመደ ነበር። በተቀየሩት ዘንድ ግን 10 በመቶ። መድኃኒቱ ሲቀር ልዩነቱ ወዲያው ታየ። ተስፋ የሚሰጠው ነገር ይሄ ነው።

እኛስ አገር? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከአዲስ አበባና አካባቢዋ 48 የዶሮ እርባታዎች 549 የኩስ ናሙና ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱን አሳትመዋል። ሳልሞኔላ የተገኘው በ7 እርባታዎች ነው። ቁጥሩ ራሱ ያን ያህል አያስደነግጥም። የሚያሳስበው ከተገኙት ባክቴሪያዎች ብዙዎቹ ከአንድ በላይ መድኃኒት የተላመዱ መሆናቸው ነው። ከመካከላቸው ሳልሞኔላ ኬንታኪ የሚባለውም ነበረበት።

ይሄ ኬንታኪ የሚባለው ዓለም አቀፍ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ዴንማርክ ውስጥ ሲፕሮፍሎክሳሲን የማይበግረው ሳልሞኔላ ኬንታኪ እየበዛ መጣ። ተመራማሪዎች ሲከተሉት ብዙዎቹ ታማሚዎች ግብፅ፣ ቆየት ብሎም ሌሎች የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች ደርሰው የተመለሱ ተጓዦች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ሪፖርት ይኸው ባክቴሪያ ከተገኘባቸው ዶሮዎች መካከል የኢትዮጵያ ዶሮዎችም ነበሩበት።

ሲፕሮን ታውቁታላችሁ። «ታይፎይድ አለብህ» ተብሎ ስንቱ ሰው ሲፕሮ እንደሚውጥ እናንተም እኛም እናውቃለን። ለማስተካከል ያህል፣ ታይፎይድ የሚያመጣው ሳልሞኔላ ከሰው ወደ ሰው ነው የሚተላለፈው፣ የዶሮው ሌላ ዓይነት ነው። ግን ለሁለቱም የምንደገፍባቸው መድኃኒቶች ይመሳሰላሉ። ዶሮ ቤት ውስጥ የተቃጠለ መድኃኒት ሆስፒታል ውስጥ ይጎድለናል።

የዓለምን መጠን ለማወቅ ያህል፦ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ ሳቢያ እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ላንሴት ላይ የወጣው ትልቁ ጥናት ገምቷል። በተዘዋዋሪ የተያያዙት ሲደመሩ 4.95 ሚሊዮን ይደርሳሉ። ከፍተኛው የሞት መጠን የታየው ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ነው። በእርግጥ ይሄ ሁሉ ከዶሮ የመጣ አይደለም፤ ሰው ራሱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚውጠውም የራሱ ድርሻ አለው። ዶሮው ግን የዚያው ችግር አንድ በር ነው።

🔹 ደብረ ብርሃን፦ ብርዱ፣ ብድሩና ፓኬቱ

አሁን ጥያቄው፣ አንድ ወጣት አርቢ ለምን መድኃኒት ያበዛል? ስግብግብ ስለሆነ? አይደለም። አካባቢውን እንየው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። የአንድ ቀን ጫጩት ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ትፈልጋለች። መብራት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ከጠፋ ጫጩቶቹ ተደራርበው ይተፋፈናሉ፣ የተረፉት ይታመማሉ። ከሰል ካነደዱ ጭሱ መተንፈሻቸውን ይጎዳዋል። ብርዱን ፈርተው መስኮቱን ከደፈኑት ከኩሱ የሚወጣው አሞኒያ ቤቱን ይሞላዋል። ጉዝጓዙ ይረጥባል፣ ኮክሲዲያ ይገባል።

አርቢው ብድር አለበት። መኖ በየጊዜው ይጨምራል። ጠዋት ገብቶ አምስት የሞቱ ዶሮዎች ሲያይ የሚሄደው ቅርብ ወዳለው የእንስሳት መድኃኒት ቤት ነው። «ያስነጥሳቸዋል» ይላል። ኦክሲቴትራሳይክሊን ዱቄት በፓኬት ይሰጠዋል። ውኃ ውስጥ ይበጠብጣል፣ ለታመሙትም ላልታመሙትም ያጠጣል። በሦስተኛው ቀን ሞቱ ቆመ ብሎ ያቋርጠዋል፣ ወይም «ለመከላከያ» ብሎ ይቀጥለዋል። ሁለቱም ባክቴሪያውን ያሠለጥናሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ክፍል ነው እኛ ጋ የሚደርሰው። አንድ ዶሮ መድኃኒት ከወሰደች በኋላ መድኃኒቱ ከሰውነቷ እስኪወጣ እንቁላሏ መሸጥ የሌለበት የተወሰነ ቀን አለ። ቀኑ ፓኬቱ ላይ ይጻፋል፤ እንደ መድኃኒቱ ይለያያል። አንዳንዱ መለያ ላይ ጭራሽ «ለእንቁላል ጣይ ዶሮ አይሰጥም» የሚል አለ። እስቲ እናስላው። ለምሳሌ 200 ዶሮ ያለው አርቢ በቀን 150 እንቁላል ቢያገኝ፣ 7 ቀን አይሸጥም ከተባለ 1,050 እንቁላል ነው። አንዱን በ10 ብር ብቻ ብናስበው እንኳ 10,500 ብር መሬት ላይ መድፋት ማለት ነው። ወለድ የሚቆጥርበት ሰው ይሄን ያደርጋል? ማን ካሳ ከፍሎት?

ስለዚህ «አርቢዎቹ ሕሊና የላቸውም» የሚለው ወቀሳ አያስኬደንም። ሥርዓቱ ትክክለኛውን ሥራ ውድ፣ ስህተቱን ደግሞ ርካሽ አድርጎታል። ፓኬቱ ከሐኪሙ ይቀርባል፣ ፓኬቱ ከክትባቱ ይቀድማል።

🔹 አንኮበር፦ ፈንግልና እንክብል

የሐበሻዋ ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው፤ ቦቫንስ ብራውን የሚባለው እንቁላል ጣይ ዝርያ በጥሩ አያያዝ ወደ 300 ይጠጋል። የሐበሻዋ ባለቤት የምትተርፈው ወጪ ስለሌለባት ነው። ስለዚህ መድኃኒት አትገዛም፣ ስለዚህ ባክቴሪያዋ መድኃኒት አልለመደም ይባላል። ሥዕሉ የተሠራው እዚህ ላይ ነበር።

ሥዕሉ ግን እየተቀየረ ነው። በሦስት ምክንያት።

1️⃣ ፈንግል። የገጠር ዶሮን በሰፊው የሚፈጀው ይሄ ነው። በአንድ ሳምንት መንደሩን ባዶ ያስቀራል። ፈንግል ቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ ምንም አያደርገውም። ግን የጨነቀው ሰው ያገኘውን ይሰጣል፦ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ አረቄ፣ አንዳንዴም ለራሱ የገዛውን የቴትራሳይክሊን እንክብል ከፍቶ። ዶሮዋ አትድንም፤ የተረፈችው አንጀት ውስጥ ግን ቴትራሳይክሊን የለመደ ባክቴሪያ ይቀራል።

2️⃣ ቄቦቹ። ዛሬ ገጠር ደጅ ላይ ጭራ የምትበላ ዶሮ ሁሉ የሐበሻ አይደለችም። የአንድ ቀን ጫጩት ከትልልቅ ማስፈልፈያዎች ይወጣል፣ አሳዳጊ ወጣቶች 45 ቀን ወይም 2 ወር ድረስ ቤት ውስጥ ያሳድጉታል፣ ከዚያ ሳሶ ወይም ቦቫንስ ቄብ ሆኖ ለገበሬው ይሸጣል። በእነዚያ 45 ቀናት መድኃኒት ከወሰደች፣ ያ ታሪክ አንጀቷ ውስጥ ሆኖ አብሯት ወደ አንኮበር ይሄዳል። ከሐበሻዎቹ ጋር አንድ ዕቃ ላይ ትበላለች፣ አንድ መሬት ትጭራለች። በኢኳዶር ሰሜን ምዕራብ ገጠር የተደረገ ጥናት ተመሳሳይ ነገር አይቷል፦ በመድኃኒት ያደጉት ዶሮዎች ላይ የተላመደ ባክቴሪያ እጅግ ይበዛል፣ ደጅ በሚውሉት ላይ ያንሳል፣ ግን እነሱም ጋ አይጠፋም።

3️⃣ ቁጥሩ። በማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ የ2013 ዓ.ም የእንስሳት ቆጠራ ናሙና መሠረት ኢትዮጵያ 57 ሚሊዮን ገደማ ዶሮ ነበራት፣ ከዚያ 79 በመቶ ያህሉ የሐበሻ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የወጣው የኤጀንሲው ሪፖርት ግን ከ90 በመቶ በላይ የሐበሻ ነው ይል ነበር። በ2015 ዓ.ም ደግሞ «የሌማት ትሩፋት» ተጀመረ፣ ጫጩት ማሰራጨቱም ሰፋ። ይሄ በራሱ ክፉ አይደለም። እንቁላል ለልጅ ትልቅ ነገር ነው፣ ለወጣትም ሥራ ነው። ግን ስንት ጫጩት ተሰራጨ፣ ስንት እንቁላል ተመረተ ሲባል እንሰማለን። ከጫጩቱ ጋር ስንት ክትባት፣ ስንት የእንስሳት ሐኪም፣ ስንት ኪሎ አንቲባዮቲክ ሄደ የሚለውም አብሮ መነገር አለበት።

«ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ» ይላል ያገሬ ሰው። በማያድን መድኃኒት ስንጭር የምናወጣው ካራ ለራሳችን ነው።

🔹 ሕግ የለም እንዴ?

አለ። የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። የቁጥጥሩ ሥራ አሁን በኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ሥር ነው። መድኃኒት የመላመድ ችግርን ለመከላከልም አገሪቱ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2020፣ ቀጥሎም ከ2021 እስከ 2025 ብሔራዊ ዕቅድ አውጥታለች። ሁለተኛው ዕቅድ የሰው፣ የእንስሳትና የአካባቢ ጤናን አንድ ላይ ያያል። እ.ኤ.አ. መስከረም 2024 ኒውዮርክ ላይ የተባበሩት መንግሥታት አባል አገራት ከዚህ ችግር ጋር የተያያዘውን ሞት እስከ 2030 በ10 በመቶ ለመቀነስ ተስማምተዋል።

ወረቀቱ አለ። ክፍተቱ ያለው ከወረቀቱ እስከ ፓኬቱ ባለው መንገድ ላይ ነው። መድኃኒት ቤቱ ያለ ትእዛዝ ሲሸጥ ማን ይጠይቀዋል? ወረዳው ላይ ያለው ባለሙያ ስንት ቀበሌ ይሸፍናል? ሞተር አለው? ነዳጅ አለው? ላይ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ክልሉ ውስጥ ያለው ግጭት አለ። መንገድ ሲዘጋ የሚቀረው ሰው ብቻ አይደለም፣ በበረዶ ሣጥን የሚጓዘው ክትባትም ይቀራል። ዱቄት ፓኬት ግን በረዶ አይፈልግም፣ በኪስም ይሄዳል።

ሌሎች አገሮች እንዴት አደረጉት? አሜሪካ የሲፕሮ ዘመድ የሆነውን ኤንሮፍሎክሳሲን ለዶሮ እንዳይሰጥ እ.ኤ.አ. በ2005 ከልክላለች፤ ምክንያቱም የካምፒሎባክተር መላመድ ሰው ላይ መታየት ጀምሮ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለማፋፋት ብቻ ተብሎ መኖ ውስጥ አንቲባዮቲክ መጨመርን አግዷል። ቻይና ኮሊስቲን የሚባለውን የመጨረሻ አማራጭ መድኃኒት የሚቋቋም ዘረመል እ.ኤ.አ. በ2015 አሳማና ሥጋ ላይ ከተገኘ በኋላ፣ ለማፋፊያ መዋሉን እ.ኤ.አ. በ2017 አቁማለች። እነዚህ ሁሉ መጀመሪያ ያደረጉት አንድ ነገር ነው፦ ለሰው ወሳኝ የሆነውን መድኃኒት ከዶሮ ቤት ማውጣት። ይሄ ለእኛም ይሠራል።

ሌላው መፍትሔ አገር ውስጥ አለ። ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የነበረ ተቋም ነው፤ የፈንግል፣ የጉምቦሮ፣ የዶሮ ታይፎይድ ክትባቶችን ያመርታል። ከፈንግል ክትባቶቹ አንዱ ሙቀት የሚቋቋም ስለሆነ እንደሌሎቹ በቅዝቃዜ መጓጓዣ ላይ አይመረኮዝም፤ በዓይን ጠብታ መስጠት ይቻላል። ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ መሆኑ ነው፣ አምስት ዶሮ ያላት እናት ብቻዋን አትገዛውም። ስለዚህ መንደሩ በአንድ ቀን አብሮ መከተብ አለበት። ይሄን ማስተባበር የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያና የተደራጁ ወጣቶች ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ገቢም አለው። ዶሮው ካልታመመ እንክብሉም አይከፈትም።

🔹 እኛ ገዢዎች ምን እናድርግ?

✅ ጥያቄያችንን እንቀይር። «የሐበሻ ነው?» ብቻ ሳይሆን «በቅርቡ መድኃኒት ወስደዋል? የመጠበቂያ ቀኑ አልፏል?» ብለን እንጠይቅ። ሁልጊዜ እውነተኛ መልስ አናገኝም። ግን ሁላችንም ስንጠይቅ ሻጩ አርቢውን መጠየቅ ይጀምራል።

✅ እናብስል። የውስጡ ሙቀት 74 ዲግሪ ከደረሰ ባክቴሪያዎቹ ይሞታሉ፤ መድኃኒት የተላመደውም ያልተላመደውም በሙቀት እኩል ነው የሚሞተው። ደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ያም ከበቂ በላይ ነው። ሰዓታት የሚንተከተከው ዶሮ ወጣችን ከዚህ አንጻር የተባረከ ነው። የመድኃኒት ቅሪትን ግን እሳት ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል ብላችሁ አትተማመኑ። እሱ መቆም ያለበት ዶሮ ቤት ነው።

✅ አደጋው ድስቱ ውስጥ ሳይሆን ማጠቢያው ላይ ነው። ዶሮ ተበልታ 12 ብልት እስክትወጣ፣ በሎሚና በጨው እስክትታጠብ ስንት ነገር ይነካካል! የታጠበችበትን ሳህን፣ ቢላውንና እጃችንን በሳሙና እንጠብ። በዚያው ቢላና መክተፊያ ሰላጣ ወይም ቃሪያ አንክተፍ። ሕፃናትን በዚያ ሰዓት ከቦታው እናርቅ።

✅ ጥሬ እንቁላል ይቅርብን። የሐበሻም ይሁን የፈረንጅ።

✅ ለራሳችንም አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም አንግዛ። አርቢውን እየወቀስን ፋርማሲ ሄደን «አሞክሳ ስጠኝ» ማለት አይሆንም።

🔹 ለአርቢ ወጣቶች

ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ይሄን ገጽ እንደምትከታተሉ እናውቃለን። መብራት የሚጠፋበት ከተማ ውስጥ የምታሳድጉ ከሆነ ጫጩት ከማምጣታችሁ በፊት መጠባበቂያ ሙቀት አዘጋጁ፤ በሣር የተሞላ የማሞቂያ ሣጥን ርካሽ ነው፣ የጫጩቶቹን የራሳቸውን ሙቀት ይይዛል። የአየር መግቢያውን ከላይ በኩል ክፈቱ። ጉዝጓዙን ደረቅ አድርጉ። የክትባት ቀናችሁን ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ አድርጋችሁ ሙሉት። የሰጣችሁትን መድኃኒት ስም፣ መጠንና ቀን ጻፉ፤ ፓኬቱን ፎቶ አንሡት። ዶሮ ሲሞት ከመድኃኒት ቤቱ በፊት ባለሙያ ጋ ደውሉ፣ የሞተችውን አስመርምሩ። ቫይረስ ከሆነ ገንዘባችሁን ከንቱ ነው የምታወጡት። ኩሱንም ትኩሱን ለጓሮ አትክልት አትስጡ፤ መጀመሪያ ይብላላ።

ይሄን የሚያደርግ አርቢ አንድ ነገር ያተርፋል፦ መዝገብ። «እንቁላሌ ከመድኃኒት ነፃ ነው» የሚል ሁሉ በቴሌግራም ያስተዋውቃል። መዝገቡን ከፍቶ የሚያሳይ ግን ገበያው ላይ ሌላ ደረጃ ነው። አዲስ አበባ ያሉ ሆቴሎችና ሱፐርማርኬቶች አንድ ቀን ይሄን መጠየቃቸው አይቀርም፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከአዲስ አበባ የሁለት ሦስት ሰዓት መንገድ ናት።

🔹 ለማጠቃለል

የሐበሻ ዶሮ ያላት ትልቁ ሀብት መልኳ ወይም ጣዕሟ ብቻ አይደለም። አብዛኛውን ዕድሜዋን ያለ አንቲባዮቲክ መኖሯ ነው። ያ ሀብት በሕግ የተጠበቀ አይደለም፣ በዘርም አይወረስም። በአንድ ፓኬትና በአንድ እንክብል ይጠፋል። የደብረ ብርሃኑም አርቢ ተፈርዶበት አልተወለደም፤ ክትባት፣ ሙቀትና ባለሙያ ካገኘ የእሱም ዶሮ ያለ መድኃኒት ማደግ ትችላለች።

በሚቀጥለው ጊዜ አንኮበር ላይ የታመመ ሕፃን ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሲደርስ ሐኪሙ የሚያዝለት መድኃኒት እንዲሠራ እንፈልጋለን። ያ ነገር የሚወሰነው ዛሬ ዶሮ ቤት ውስጥ ነው።

እናንተ አካባቢ የእንስሳት መድኃኒት ያለ ትእዛዝ ይሸጣል? የፈንግል ክትባትስ ይደርሳል? ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ዶሮ ለሚያረባ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት።